ለሚመለከተው ሁሉ

አማርኛችን ስለ እንጀራ ሲጠይቅ «ምን ትሠራለህ?» ከማለት ይልቅ «የት ነው የምትሠራው?» ማለት ይቀናዋል። ሙያህን ተወውና ግቢህን ንገረኝ ነው ነገሩ፤ በር፣ ዘበኛ፣ ማኅተምና የደመወዝ ቀን ያለው ግቢ። ሽማግሌ የላከ ወጣት «ልጁ የት ነው ያለው?» ሲባልበት «ባንክ» የሚል መልስ ከተገኘለት ጉዳዩ ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው። «በግሉ ይተረጉማል» ወይም «እቤቱ ሆኖ የመጽሐፍ ሽፋን ይሠራል» ከተባለ ግን የልጅቱ አባት ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። ልጁ ባንክ ከገባው እኩያው የተሻለ ያገኝ ይሆናል። ምን ይደረግ፣ «የት» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም።

እንዲህ ያለው ሰው ዛሬ ብዙ ነው፤ ተርጓሚው፣ አራሚው፣ ግራፊክስ ሠሪው፣ ፎቶ አንሺው፣ ጥናት አጥኚው፣ ሶፍትዌር ጻፊው። ፈረንጅ «ፍሪላንሰር» ይለዋል፤ እኛም ቃሉን እንዳለ ተቀብለነዋል። ኑሮው ደህና ሲሆን «ኮንሰልታንት» ነው፤ ሲከፋ «ሥራ የለውም እንዴ?» ይባላል። የቀድሞ ተማሪዎቼ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያነሡት ጥያቄም ይኸው ሆኗል፤ «ጋሼ፣ ለውጪ ሰው ሥራ የሚሰጥ ድርጅት የትኛው ነው?»

ጥያቄው የዋህ ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን የአሠሪዎቻችንንም የፈላጊዎቻችንንም አመል ገላልጦ ያሳያል። ዛሬ ሁለቱንም ብተች ቅር አትሰኙብኝ።

ቃሉ ባዕድ ይሁን እንጂ ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ቁም ጸሐፊው ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ላዘዘው ሰው ዳዊት ጽፎ ዋጋውን ሲቀበል የማንም ደመወዝተኛ አልነበረም። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዛብህ አስታውሱት፤ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ሲገባ ጨረታ አልወጣም፣ የታደሰ የንግድ ፈቃድም አልተጠየቀም። ዕውቀቱን ይዞ ወደሚፈለግበት ቤት ገባ። የደረሰበት መከራ ከሙያው ሳይሆን ከፍቅር የመጣ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን በየፍርድ ቤቱ አጥር ሥር የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ነው። በፊት የጽሕፈት መኪናውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አሁን አሁን ደግሞ ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ ይዞ በአንዲት ጠባብ ክፍል ይሠራል። ይህ ሰው የግል ሥራን የመጀመሪያ ሕግ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ሰው ችግሩን ይዞ የሚያልፍበትን ደጅ መርጦ እዚያ ይቀመጣል። ቦሌ ካለው ካፌ ሆኖ ባለጉዳይ አይጠብቅም። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱት ልጆቻችን ከእሱ የሚማሩት አለ፤ ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ።

አስቀድሞ ወደ አሠሪው እንሂድ። ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው አንድ መጥፎ ልማድ ይቀርበታል ማለት ዘበት ነው፤ ያገኘውን ወረቀት ሁሉ እንደ ድርሰት ያነባል። እኔም የጋዜጣ የጨረታ ገጽ ሳገኝ በዚያው ዓይን ነው የማየው። እስቲ አንድ መቶ ሃያ ገጽ መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚያስተረጉም ድርጅት የሚያወጣውን ዓይነተኛ ማስታወቂያ አብረን እናንብብ። ተጫራቹ በዘርፉ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ፣ የግብር ክሊራንስ ያቀርባል። የጨረታ ማስከበሪያ በሲፒኦ ያስይዛል። ዋጋውን በታሸገ ኤንቨሎፕ ያስገባል። መጨረሻው ላይ፣ ልክ ተረት «አፌን በዳቦ አብሱልኝ» ብሎ እንደሚያበቃው፣ ያቺ የማትቀር አረፍተ ነገር ትመጣለች፤ ድርጅቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው።

በዚህ ድርሰት ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ የለም። ተርጓሚው ማለቴ ነው። መመሪያው ስለ ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚነበብ፣ የትርጉሙን ጥራት ማን እንደሚመዝን አልተጻፈም። ክፍያው ሥራው ካለቀ በኋላ በስንት ቀን እንደሚፈጸም ብትፈልጉ አታገኙትም። የአንዱ ወገን መብት «የተጠበቀ» ነው፤ ሌላው ወገን ያለው ግዴታ ብቻ ነው። ማስታወቂያው የተጻፈው ሲሚንቶ ለመግዛት ነበር፤ «ሲሚንቶ» የሚለው ተሠርዞ «ትርጉም» ገባበት። ሲሚንቶውን እንኳ ደረጃውን ይጠቅሱለታል!

የተጨማሪ እሴት ታክስን ነገር እንውሰድ። ሕጉ እንዲመዘገብ የሚያስገድደው ዓመታዊ ሽያጩ በሚሊዮን ብር የሚቆጠረውን ነጋዴ ነው። እቤቱ ተቀምጦ በገጽ ሒሳብ የሚተረጉም ሰው እዚያ ለመድረስ ስንት ሺህ ገጽ መገልበጥ እንዳለበት አስቡት። እና ይህን ወረቀት የሚጠይቅ ድርጅት ሳያውቀውም ቢሆን «ተርጓሚ እፈልጋለሁ፤ ተርጓሚ ግን አይምጣብኝ» እያለ ነው።

ውጤቱን የሙያው ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። ፈቃድ ያለው ነገር ግን መተርጎም የማይችል ሰው ጨረታውን ያሸንፋል። መተርጎም የሚችል ነገር ግን ፈቃድ የሌለው ሰው ሥራውን ከእጁ ይቀበላል። ከገጹ ዋጋ ግማሹ፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላዩ መንገድ ላይ ይቀራል። ሌላው ደግሞ የወዳጁን ፈቃድ ተከራይቶ ይገባል፤ ግብሩ በማን ስም፣ ስሕተቱ በማን ራስ፣ ምስጋናው ለማን እንደሆነ አይታወቅም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ነው። ድርጅቱ ርካሽ ዋጋ አገኘሁ ብሎ ይደሰታል። የተተረጎመውን መመሪያ የሚያነብበው የወረዳ ሠራተኛ ግን አንዱን አረፍተ ነገር ሦስቴ ደግሞት ትርጉሙ አይገባውም። የወረቀቱ ጉዳይ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

«ሕጉ አስቸግሮን ነው» የሚሉ አሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በደመወዝ ስለሚቀጠር ሰው ብቻ አልደነገገም፤ የሥራ ውልን ለብቻው፣ የዕውቀትን ሥራ የማከራየት ውልን ደግሞ ለብቻው አስቀምጧል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156ም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራን ሰው ከራሱ ክልል ውጪ አድርጎታል። ይህ ማለት የዓመት ፈቃድ የለም፣ የስንብት ክፍያ የለም፣ አሠሪው የሚከፍለው የጡረታ መዋጮ የለም። ሕጉ ሰውየውን ያውቀዋል፤ የማያውቀው የግዢ ክፍላችን ነው። ሰውየውን የሚጠብቀው አዋጁ ሳይሆን ውሉ ነውና ያለ ውል ጣቱን ማንሣት የለበትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ግብሩም ቢሆን ቀልድ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ድርጅቶች ከ3,000 ብር በላይ ለሆነ አገልግሎት ሲከፍሉ ሁለት በመቶ ቀንሰው እንዲያስቀሩ አዘዘ፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ለሌለው ግን ሠላሳ በመቶ። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል፤ ትምህርቱ ግን አልተሻረም። ያለ ቁጥር የሚሠራ ሰው ከደላላው አምልጦ ቢመጣ እንኳ እዚህ ይያዛል። ስለዚህ በስሙ መለያ ቁጥር ማውጣት፣ አቅሙ ሲፈቅድም በስሙ ፈቃድ ማውጣት የሰውየው የራሱ ድርሻ ነው።

አሁን ወደ ፈላጊው ልዙር፤ እሱም ቢሆን ከትችት አያመልጥም። ልጆቹ ለድርጅት የሚጽፉትን ደብዳቤ አንዳንዴ ያሳዩኛል። አናቱ ላይ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። ለሁሉም የተጻፈ ደብዳቤ ማንንም አይመለከትም። ቀጥሎ «ታታሪ፣ ቅን፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ ጫናን የምቋቋም» የሚል የራስ ውዳሴ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ መቶ ቦታ በትኖ «ድርጅቶች ለውጪ ሰው ሥራ አይሰጡም» ብሎ መደምደም ዓሣ የሌለበት ኩሬ ውስጥ መረብ ጥሎ ባሕሩን እንደ መራገም ነው። ደብዳቤው ስለ ጸሐፊው ያወራል፤ የድርጅቱ ችግር ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ራፖር ጸሐፊው በስንት ጣዕሙ! እሱ መጀመሪያ «ምን ደረሰብዎት?» ይላል።

ታዲያ የትኛው ድርጅት ነው ለውጪ ሰው ሥራ የሚሰጠው? የድርጅት ስም ዝርዝር ብሰጥ በዓመቱ ያረጃል። ምልክቶቹ ግን አያረጁም።

አንደኛው ምልክት ሥራው ወቅት ያለው መሆኑ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚተረጎም ነገር ያለው ድርጅት ተርጓሚ ይቀጥራል። በዓመት ሁለት ወር ብቻ የሚጨናነቅ ግን ሰው ከውጪ ይፈልጋል። ባንኮቻችንን ተመልከቱ። የበጀት ዓመታቸው በሰኔ ወር ይዘጋል፤ በመኸሩ ወራት የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ይጠራሉ። ለጉባኤው በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ፣ ፎቶ ያለበት፣ ያማረ ዓመታዊ ሪፖርት ይታተማል። ይህን ሁሉ ለመሥራት ቋሚ ሠራተኛ የሚያስቀምጥ ጥቂት ነው። ስለዚህ ደብዳቤው መድረስ ያለበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ኅዳር ላይ የሚደርስ ደብዳቤ ለታተመ መጽሐፍ እንደሚላክ እርማት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሠሩት የዕርዳታ ድርጅቶች ደግሞ ሪፖርታቸው የሚጣደፈው ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው።

ሁለተኛው ምልክት ቀደም ሲል ለውጪ ሰው ሰጥቶ ማወቁ ነው። ይህን ለማወቅ ዘመድ አያስፈልግም። የታተመውን ሪፖርት፣ መጽሔት ወይም መጽሐፍ የውስጥ ገጽ መግለጥ ነው፤ ዲዛይን፣ አርትዖት፣ ፎቶ የሚል መስመር ታገኛላችሁ። እዚያ የሰው ስም ካለ ድርጅቱ ከግለሰብ ጋር መዋዋል ያውቃል። የማስታወቂያ ድርጅት ስም ከሆነ የምታንኳኩት በር የማስታወቂያ ድርጅቱን ነው፤ ሥራ ሲበዛበት ለውጪ ሰው የሚያከፋፍለው እሱ ነውና።

ሦስተኛው፣ ያንኑ የሥራ መደብ በዓመት ሦስቴ በክፍት ቦታ ማስታወቂያ የሚያወጣ ድርጅት ነው። ሰው አልበረክትለት ብሏል፤ ሥራው ግን ቆሟል። ሰው እስኪያገኝ በገጽ ወይም በቀን ሒሳብ ሊሠራለት ለሚችል ሰው በሩ ገርበብ ያለ ነው። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተው የሥራ ማስታወቂያ ሲያነብቡ የኖሩ ልጆች ይህን ዓይነቱን ድርጅት ዘለው ያልፉታል፤ «ሠራተኛ የማይቆይበት ቤት ነው» ብለው። እውነታቸውን ነው፤ ለቅጥር። ለአንድ ወር ውል ግን ሌላ ነገር ነው።

አራተኛው ምልክት ሥራው በእርግጥ የእናንተ ሥራ መሆኑ ነው። የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ሲቃረብ «እዚያ እኮ አስተርጓሚ ይፈለጋል» የሚል ወሬ ይናፈሳል። እውነት ነው፣ እንዲህ ያለ ጉባኤ የውጪ አስተርጓሚ ይቀጥራል። ቋንቋዎቹ ግን ዐረብኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ፖርቱጋልኛ፣ ስፓኒሽና በ2014 ዓ.ም. የተጨመረው ኪስዋሂሊ ናቸው። አዳራሹ አዲስ አበባ ነው፤ አማርኛ ግን የለበትም። ትልቅ ግቢ ሁሉ ትልቅ ሥራ ያለው ይመስለናል። አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ፣ ትግርኛ ወይም አፋርኛ በደንብ የሚጽፍ ልጅ ግን እነዚህን ቋንቋዎች በፌዴራል ደረጃ የሥራ ቋንቋ ለማድረግ በ2012 ዓ.ም. ከታሰበ ወዲህ ማን ምን ማስተርጎም እንዳለበት ቢያጠና ከትልቁ አዳራሽ ደጅ የተሻለ ያገኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ይቀረኛል። ብዙዎቹ ነባር የሙያ ሰዎቻችን ለዓመታት የኖሩት በአንድ ዓይነት ደንበኛ ነው፤ በዕርዳታ ድርጅት። ክፍያው ደህና፣ ውሉ የተጻፈ፣ ሥራው የማያልቅ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን አገደ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ መጨረሻ ዩኤስኤድ የተባለው ተቋም ራሱ ተዘጋ። ቋሚው ሠራተኛ ቢያንስ የስንብት ደብዳቤ ደረሰው። በግሉ የሚሠራው ተርጓሚና ጥናት አጥኚ ግን ደብዳቤም አልደረሰውም፤ ስልኩ መጮኹን አቆመ፣ ያ ብቻ። አምስት ደንበኛ ነበረኝ የሚለው ሰው አምስቱም ከአንድ ምንጭ ሲቀዱ እንደኖሩ ያወቀው ምንጩ ሲደርቅ ነው።

ለአሠሪዎች የምለው አጭር ነው። ከውጪ ሰው ጋር ስትዋዋሉ በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፤ ሥራው ምንድን ነው፣ ጥራቱን ማን ይመዝናል፣ ገንዘቡ በስንት ቀን ይከፈላል። ለአንድ ተርጓሚ የሲሚንቶ ጨረታ አታውጡ። ሰውየው ሥራውን አስረክቦ በሒሳብ ክፍል ኮሪደር ሦስት ወር ሲመላለስ፣ «ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው» ሲባል፣ የምታባክኑት የእሱን ጊዜ ብቻ አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ ዋጋ ሲሰጣችሁ ያን ሦስት ወር አስልቶ ይጨምርበታል፤ ወይም ጎበዙ ይቀርና ሰነፉ ይመጣላችኋል።

ለልጆቹም፦ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለውን ሰርዙት። በምትኩ የአንድ ሰው ስም፣ የአንድ ሥራ ስም፣ የአንድ ቀን ቀጠሮ ይግባበት። «የት ነው የምትሠሩት?» ብለው የሚጠይቋችሁ ደግሞ አይቀሩም። ሥራችሁን አውጥታችሁ አሳዩዋቸው።