ንግግርም ሥራ ነው
(የኦስቲን መጽሐፍና የአማርኛ ትምህርታችን)

ተማሪዎቻችን ዐረፍተ ነገርን ሐተታዊ፣ መጠይቃዊ፣ ትእዛዛዊና አጋኖአዊ ብለው መክፈልን ይማራሉ። ክፍፍሉ ለሰዋስው ጥናት ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ተናጋሪው በንግግሩ ምን እንዳደረገ አይነግረንም። «እንዴት አደርክ?» በመልኩ ጥያቄ ነው፤ ባዩ ግን ሰላምታ ሰጠ እንጂ የሌሊቱን ታሪክ አልጠየቀም። «ታገኛታለህ!» በመልኩ ስለ ወደፊት የሚያትት ነው፤ የተባለው ልጅ ግን ዛቻ መሆኑን ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልገውም። «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለውንም በግሡ መልክ ብቻ ትእዛዝ ነው ብንል፣ አመስጋኙን በፈጣሪ ላይ አዛዥ ልናደርገው ነው።

ይህን ጉዳይ አጥብቀው ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ የኦክስፎርዱ ፈላስፋ ጄ. ኤል. ኦስቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሰጣቸው ትምህርቶች፣ እርሱ በ1960 ከሞተ በኋላ፣ በ1962 በመጽሐፍ ታትመዋል። መነሻው ቀላል ነው። «ቃል እገባለሁ» ያለ ሰው ስለ ቃል መግባት አልተረከም፤ ቃል ገባ። እንዲህ ያለው ንግግር እውነት ወይም ሐሰት ከሚባል ይልቅ ሠመረ ወይም ከሸፈ ቢባል ይሻላል። የመፍረድ ሥልጣን የሌለው ሰው «ፈርጃለሁ» ቢል ፍርድ አይሆንም።

ኦስቲን በአንድ ንግግር ውስጥ ሦስት ነገሮችን ይለያል። አስተማሪ «ነገ ፈተና አለ» ቢል፣ አንደኛው ቃሉ ከነትርጉሙ ነው። ሁለተኛው በመናገሩ የፈጸመው ተግባር፣ ማለትም ማስጠንቀቁ ነው። ሦስተኛው በሰሚዎቹ ላይ የደረሰው ውጤት ነው፤ አንዱ ያጠናል፣ ሌላው ደንግጦ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ይህ አከፋፈል ለክፍል ትምህርት እጅግ የሚጠቅም ሆኖ አግኝተነዋል።

መጽሐፉ ግን ሳይመረመር የሚወሰድ አይደለም። ምሳሌዎቹ መርከብ መሰየም፣ መወራረድ፣ በእንግሊዝ አገር ሥርዐት መጋባት ናቸው። ተግባርን በግልጽ የሚፈጽም ንግግር ተብሎ ጐልቶ የሚታየውም «እኔ» ባይ ግሥ ያለበት ነው። እርግጥ ኦስቲን ራሱ ይህ መለያ በቂ አለመሆኑን አሳይቷል፤ ወደ መጨረሻውም ሐተታ እንኳ ተግባር መሆኑን ይቀበላል። ችግሩ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ብቻ አንብበን፣ በአማርኛም «እኔ» ባይ ግሥ ፍለጋ ስንሰማራ ነው።

አማርኛ ብርቱ ተግባራትን ያለ «እኔ» ይፈጽማል። «በሕግ አምላክ!» ውስጥ ግሥም የለም፤ ሆኖም ሰሚውን ባለበት ያቆመዋል። ወራጅ ውኃ እንኳ ይቆማል መባሉም ስለዚሁ ነው። እናት ልጇን አውቶቡስ ላይ አሳፍራ ሾፌሩን «አደራ!» ስትለው፣ ግዴታው የሚወድቀው በተናጋሪዋ ላይ ሳይሆን በሰሚው ላይ ነው። በሽማግሌዎች ፊት «ይቅር ለእግዚአብሔር» ያለ ተበዳይም ልቡ ገና ባይበርድ እንኳ በቃሉ ታስሯል፤ ቂሙን ቢያነሣ ሽማግሌዎቹ ይወቅሱታል። የእነዚህ ቃላት ኀይል ከግሡ ርባታ ሳይሆን ቃሉን ከሚያውቀውና ከሚያከብረው ማኅበረሰብ የመጣ ነው።

ነገሩ ለእኛ ለመምህራን የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። በትምህርቱ መጨረሻ «ገባችሁ?» እንላለን፤ ተማሪዎች ባንድ ድምፅ «አዎን!» ይላሉ። በመልኩ ጥያቄና መልስ ነው፤ በተግባር ግን እኛ ትምህርቱን ዘጋን፣ እነርሱም መዝጋቱን ፈቀዱ። ያልገባው ልጅ «አልገባኝም» ቢል መልስ መስጠት ብቻ አይሆንበትም፤ አስተማሪውን መቃወምና ጓደኞቹን ማስቈየት ይሆንበታል። ስለዚህ ዝም ይላል። «ይህን በራስህ ምሳሌ አሳየን» ብንለው ግን መረዳቱን በእርግጥ ጠየቅነው።

እንግዲህ ውድ መምህራን፣ የዐረፍተ ነገር ክፍሎችን ስናስተምር አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ «ተናጋሪው ይህን በማለቱ ምን አደረገ?» «መስኮቱ ክፍት ነው» የሚለውን ሰሌዳ ላይ ጽፈን፣ መቼ ልመና፣ መቼ ወቀሳ፣ መቼ ማስጠንቀቂያ እንደሚሆን ተማሪዎቹ ይናገሩ። መልሱን ከቤታቸው፣ ከገበያና ከሽማግሌ ሸንጎ ያመጡታል።