ከግድቡ በታች ማን ያድራል?

አምባሰል ውስጥ አንድ ትንሽ የአፈር ግድብ አናት ላይ ቆሜ የፍተሻ ቅጽ እሞላለሁ። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አንገታቸውን አስግገው «ስንት ወጣለት?» አሉኝ።

«ከፍተኛ።»

ፊታቸው በራ። «አልሐምዱ ሊላህ! ደክመንበታላ!» ብለው ለጎረቤቶቻቸው ሊያበስሩ ዞሩ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። በአማርኛ ደረጃ ከፍ ሲል ሙገሳ ነው፤ ሆቴሉም፣ ሥራ ተቋራጩም የሚመዘነው እንደዚያ ነው። እኔ «ከፍተኛ» ያልኩት ግን ግድቡ ቢሰበር ከታች የሚደርሰውን ጉዳት ነው። አሠራሩ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ይህ ደረጃ አይቀንስም።

ዓለም አቀፉ የትላልቅ ግድቦች ኮሚሽን «ትልቅ» የሚለው 15 ሜትርና ከዚያ በላይ ቁመት ያለውን፣ ወይም ከ5 እስከ 15 ሜትር ሆኖ ከ3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ የሚይዘውን ነው። ከዚያ ያነሰውን ባለሙያውም ባለበጀቱም ንቆ ያልፈዋል። የደቡብ አፍሪካ አመዳደብ ይሻለኛል፤ ከ12 ሜትር በታች ያለውን ትንሽ ቢለውም፣ ከ10 ሰው በላይ ሊገድል የሚችል ከሆነ አደጋውን ከፍተኛ ብሎ ይመዘግባል። ኬንያ፣ ሶላይ ላይ ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ማታ የፈረሰው በግል እርሻ ላይ የነበረ የአፈር ግድብ ነው። ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ስለዚህ ሥራዬ የሚጀምረው ከግድቡ ወርጄ ነው። ሸለቆው ወደ ሐይቅ ካዘነበለ የጎርፉ መጨረሻ ይታወቃል፤ ሐይቁ በገጸ ምድር መውጫ የለውምና። ወደ ሚሌ የሚወርደው ግን ርቆ ይሄዳል፣ እኔም አብሬው እርቃለሁ። ቀን ላይ ቤት መቁጠር ያሳስታል፤ ሰው እርሻና ገበያ ነው። አመሻሽ ላይ ከየማድቤቱ የሚወጣውን ጭስ እቆጥራለሁ። ውሃው ሌሊት ቢመጣ የሚያገኘው እነዚያን ነው።

ግድቡን አላይም ማለቴ አይደለም። ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ ፍልፈልና ጃርት ይቦረቡሩታል፤ ባሕር ዛፍ የተከለበትም አጋጥሞኛል። ከግርጌው ውሃ መስረጉ ብቻውን አያስደነግጠኝም፣ የአፈር ግድብ ሁሉ ጥቂት ያሰርጋል። የሰረገውን በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቼ አስቀምጠዋለሁ። ጥሩ ከሆነ እንደጠራ ይቆያል፤ ታቹ ላይ አፈር ከዘቀጠ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው። አሜሪካ ውስጥ 93 ሜትር ቁመት የነበረው የቴቶን ግድብ በ1976 እ.ኤ.አ. እንዲህ ነው የሄደው፤ ጠዋት ደፍርሶ የወጣ ውሃ እኩለ ቀን ሳይሞላ ግድቡን ይዞት ወረደ።

የትርፍ ውሃ ማስወገጃው ስፋት ግን ከደረጃው ጋር የተሳሰረ ነው። ከታች የግጦሽ መሬት ብቻ ካለ በ100 ዓመት አንዴ ለሚጠበቅ ጎርፍ ይነደፋል፤ ሰው ካለ ወደ 1,000፣ ወደ 10,000 ዓመቱ ይኬዳል። እዚህ ሲነደፍ ሸለቆው ባዶ ነበር። ቦኖው ሲተከል ሰው ወደ ውሃው ቀረበ፣ ማን ይፈርድበታል? ደረጃው ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ የወጣው አንድ አካፋ አፈር ሳይነካ ነው። አፈር ደግሞ እንደ ኮንክሪት አይደለም፤ ውሃ አናቱን ካለፈ ይቆርጠዋል።

ይህን ሁሉ ለሰብሳቢው ተቀምጬ አስረዳኋቸው። ዝም አሉ። ቆይተው በከዘራቸው ቁልቁል እያመለከቱ «እንግዲያ ያ ቆርቆሮው የሚያብለጨልጨው የወንድሜ ልጅ ቤት ነው። ባለፈው ዓመት ነው የገባበት» አሉኝ።

እሱንም ቆጥሬዋለሁ። ማስወገጃው እንዲሰፋ ጽፌያለሁ፤ እስኪሰፋ ድረስ በክረምት የውሃውን ከፍታ ዝቅ አድርገው እንዲይዙ ተስማምተናል። በየቀበሌው መሬት የምትለኩ ወገኖቼ፣ ከግድብ በታች ለቤት መሥሪያ ካስማ ከመትከላችሁ በፊት እባካችሁ የወረዳውን ውሃ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።