ያ ሕፃን ባይወድቅስ?



በየቤታችን የአሜሪካ ወሬ የሚነሣበት ሰዓት አለ። ከዒሻእ በኋላ ቡናው ሲቀርብ፣ እዚያ ካለ ዘመድ የተላከ ፎቶግራፍ ሲታይ፣ ከጎልማሶቹ አንዱ ወደ ልጁ ዞር ይልና «እዚያ እኮ የሠራ ሁሉ ያልፍለታል፤ ድሃ ሆኖ የሚቀረው ሰነፍ ብቻ ነው» ይላል። እኔም ስንት ጊዜ «እውነት ነው» ብዬ አጅቤአለሁ! አሁን ግን ይህን አባባል በዓለም ላይ ከናኙት ጽሑፎች አንዱን አንብቤ ስለ ጨረስኩ፣ ያየሁትን ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ጽሑፉ የልጆች ልብ ወለድ ነው። ደራሲው ሆሬሺዮ አልጀር ይባላል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1832 እስከ 1899 የኖረ አሜሪካዊ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደዚሁ ናቸው)። መቶ ያህል መጻሕፍት ጽፏል፤ አብዛኞቹም ስለ ድሃ ልጆች መነሣት የሚተርኩ ናቸው። ስሙን ያስጠራው በ1868 የታተመው «ራግድ ዲክ» ነው፤ በእኛ ቋንቋ «ቡትቷሙ ዲክ» እንደ ማለት ነው። መዝገበ ቃላት ከጎኔ አስቀምጬ በዝግታ አነበብኩት።

ዲክ የ14 ዓመት ወላጅ አልባ ልጅ ነው። በኒውዮርክ ጎዳና ላይ ጫማ ይጠርጋል፤ በአጭሩ ሊስትሮ ነው። ያገኘውን በትያትርና በሲጋራ ያጠፋል እንጂ አይሰርቅም፣ አያታልልም። በኋላ ልብ ይገዛል፤ ክፍል ይከራያል፣ ባንክ ሄዶ ገንዘብ ማስቀመጥ ይጀምራል። ፎስዲክ የሚባል የተማረ ጓደኛውን በክፍሉ ያሳድረዋል፤ ያም በምትኩ ማታ ማታ ማንበብና መጻፍ ያስተምረዋል። አስተማሪ ነኝና ይህን ክፍል ከሁሉ አብልጬ ወደድኩት። እስከዚህ ድረስ መጽሐፉን ለማንኛችንም ልጅ ብናነብለት ጉዳት የለውም።

ታዲያ ዲክ ከሊስትሮነት የወጣው በዚህ ትጋቱ ይመስላችኋል? አይደለም! አንድ ቀን ሁለቱ ጓደኛሞች በጀልባ ወደ ብሩክሊን ሲሻገሩ አንድ ሕፃን ውሃ ውስጥ ይወድቃል። ዲክ ዘሎ ገብቶ ያወጣዋል። የሕፃኑ አባት ባለጸጋ ነጋዴ ሆኖ ተገኘና ዲክን በሳምንት 10 ዶላር ጸሐፊ አድርጎ ቀጠረው። ታሪኩ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው። ልብ በሉ፣ ዲክ ሀብታም እንኳ አልሆነም። ሰዎች ግን ጀልባውንና ነጋዴውን ረስተው፣ ትጋቱን ብቻ ይዘው፣ «ከምንም ተነሥቶ በራሱ የከበረ ልጅ» እያሉ ሲተርኩ ኖሩ። ደራሲው ሳያስበው እውነቱን ጽፎታል፤ አጣመው የያዙት አንባቢዎቹ ናቸው።

ታሪኩን ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። ከመካከላቸው ጠዋት ጠዋት ጫማ እየጠረገ ከዙህር በኋላ የሚቀራ ልጅ አለ። ሌሎቹ በጀልባው ነገር ሲስቁ እርሱ ዝም ብሎ ቆየና «ኡስታዝ፣ ያ ሕፃን ባይወድቅስ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

መልሱን የአሜሪካ ምሁራን ራሳቸው ፈልገውታል። ራጅ ቼቲ የሚባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር የሚሊዮኖችን የግብር መዝገብ መርምሮ በ2014 ባወጣው ጥናት፣ በገቢ ከታችኛው አምስተኛ እጅ ከተወለዱ 100 ልጆች ወደ ላይኛው አምስተኛ የደረሱት 7 ወይም 8 ብቻ ናቸው። በካናዳ 13 ያህል ናቸው። በአሜሪካም ውስጥ ቢሆን በሳን ሆዜ ከተማ 13 ያህል፣ በሻርሎት ደግሞ 4 ያህል ናቸው። እንግዲህ ድህነት የስንፍና ውጤት ከሆነ፣ የሻርሎት ልጅ ከሳን ሆዜው ልጅ ሦስት እጥፍ ሰነፍ ሆኖ ተወለደ ልንል ነው?

እዚያው አገር በ1940 ከተወለዱት 90 በመቶ ያህሉ፣ 30 ዓመት ሲሞላቸው ወላጆቻቸው በዚያ ዕድሜ ከነበራቸው የበለጠ ገቢ ነበራቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከተወለዱት ግን እንዲህ የሆነላቸው ግማሽ ያህሉ ናቸው። አገሪቱ ደህይታ አይደለም፤ ሀብቷ ጨምሯል፤ ጭማሪው ግን በአብዛኛው ወደ ላይኞቹ ሄደ። ዛሬ ከ100 ቤተሰብ አንዱ የአገሩን ሀብት 30 በመቶ ገደማ ሲይዝ፣ የታችኛው ግማሽ ሕዝብ ያለው 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። የሕዝብ ትምህርት ቤትም ቢሆን ከገንዘቡ ጉልህ የሆነውን ክፍል የሚያገኘው ከየአካባቢው የቤትና የመሬት ግብር ስለሆነ፣ የሀብታም ሰፈር ልጅ ገና ፊደል ሳይቆጥር ይቀድማል።

በ2022 የወጣው ሌላው ጥናታቸው ደግሞ በቀጥታ ወደ ዲክ ጀልባ ይመልሰናል። የ70 ሚሊዮን ሰዎችን የፌስቡክ ወዳጅነት መርምረው፣ ድሆች ከባለጸጎች ጋር በብዛት በሚወዳጁበት አካባቢ ያደገ የድሃ ልጅ ይበልጥ ከፍ እንደሚል አገኙ። ባለጸጋው ነጋዴ ማለት ይህ ነው። ድሃው ከድሃ ጋር ብቻ፣ ሀብታሙም በአጥር ውስጥ ከሀብታም ጋር ብቻ ከኖረ ጀልባው ላይ የት ይገናኛሉ?

ስለ ቃሩን በሱረቱል ቀሶስ የተነገረውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያ ሰው ሀብቱን በገዛ ዕውቀቱ ያገኘው መስሎት ነበር። በኒውዮርክም፣ በእኛም ገበያ ይህን የሚል አይጠፋም።

ፍርዴ እንዳያዳላ ግን አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ የስደተኞች ልጆች፣ በአገሩ ተወላጅ ከሆኑ የድሃ ልጆች ይልቅ ከፍ እንደሚሉ በጥናት ተረጋግጧል። ከምክንያቶቹ አንዱ ወላጆቻቸው ሥራ ወዳለበት አካባቢ መስፈራቸው ነው። ሌላው ደግሞ አባትየው ታክሲ ይንዳ እንጂ በአገሩ ሳለ አስተማሪ ወይም መሐንዲስ ሊሆን መቻሉ ነው። ስለዚህ የሚያልፍላቸው መኖራቸውን አልክድም፤ ትጋታቸውንም አላናንቅም።

የአጎቴ ልጅ እዚያ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ዒድ መጥቶ ሳለ፣ አባቱ እንደ ልማዳቸው በጎረቤቱ ልጅ ፊት «የእኔ ልጅ ማንም ሳይረዳው፣ በራሱ ላብ ነው እዚህ የደረሰው» አሉ። ጎረቤታችን ያን ሰሞን ሥራ ያጣ ወጣት ነበር፤ አንገቱን ደፋ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ የአጎቴን ልጅ ለብቻው ይዤ የመጀመሪያ ሥራውን ማን እንዳገኘለት ጠየቅኩት። ከእርሱ ቀድሞ የሄደ የሰፈራችን ሰው ለአሠሪው ዋስ ሆኖለት እንደ ገባ፣ የመጀመሪያዎቹን አራት ወራትም በዚያው ሰው ቤት ሳሎን ውስጥ እንዳደረ ነገረኝ። ለአባቱ ግን አንድም ቀን ነግሯቸው አያውቅም።