መጥረጊያ ያለፈበት አርማታ

የግቢ አርማታ ጥራቱ የሚለየው በማለዳ ፀሐይ ነው። ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ከጎን ሲመጣ በቀትር የተሸሸገው ሁሉ ይወጣል፤ የግንበኛ ማንኪያ የቆመበት ጠባሳ፣ ተረግጦ የተደፈነ ቦታ፣ ውሃ የሚያቁር ስርጉድ። ወለሉ በመጥረጊያ የተጨረሰ ከሆነ ጭረቶቹ አንድ በአንድ ይለያሉ። ቀጫጭን ናቸው፤ ጥልቀታቸው 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ከአንዱ ጠርዝ ተነስተው ሌላው ጠርዝ ድረስ ሳይቆረጡ ይሄዳሉ። ዙሪያውን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ልሙጥ ክፈፍ ይከበዋል። ጭረቶቹ ክፈፉ ጋ ሲደርሱ በአንድ መስመር ያበቃሉ፤ አንዱም አልፎ አይገባም። የሠራተኛውን እጅ ማወቅ የፈለገ መጀመሪያ ይህን ክፈፍ ይይ።

አዲስ አበባ ውስጥ ግቢውን አርማታ የሚያለብስ ሰው ፊቱን ሊሾ ሊያደርገው፣ በመጥረጊያ ሊያስጭረው ወይም ጠጠሩን ሊያስወጣው ይችላል። ከሥር ሁሉም ያው ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ውሃ ነው። ልዩነቱ ከላይ ባሉት ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ላይ ነው፤ እነሱም የሚወሰኑት አርማታው በተሞላበት ዕለት፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው።

ሊሾ እወዳለሁ። የብረት ማንኪያ ደጋግሞ በማለፍ የሚያወጣው ልስላሴ ነው። በመጀመሪያው ዙር ማንኪያው ተኝቶ ያልፋል። አርማታው እየጠነከረ ሲሄድ የማንኪያው ጠርዝ ትንሽ ቀና ይላል፤ በመጨረሻው ዙር ይበልጥ ቀና ብሎ በኃይል ተጭኖ ይሳባል። ድምፁም አብሮ ይለወጣል። መጀመሪያ እርጥብና ድፍን የነበረው ኋላ ጥርት ያለ የብረት ድምፅ ይሆናል። በደንብ የወጣ ሊሾ የመስኮቱን ብርሃን መልሶ ያሳያል፤ በዓመታት ውልወላም ይበልጥ ያምራል። ቦታው ግን ጣሪያ ሥር ነው፦ ሳሎን፣ ኮሪደር፣ ዝናብ የማይደርስበት በረንዳ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ በሚወርድበት ግቢ ላይ ስስ ጭቃ ሲተኛበት እግር የሚይዝበት ነገር ያጣል። አሮጊት እናት ወይም ሩጫ የሚወድ ልጅ ባለበት ቤት ሊሾን ደጅ ማውጣት ስህተት ነው።

ለመኪና መግቢያና ለመተላለፊያ መጥረጊያው ይሻላል። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው፤ ለስላሳ ጭራ ያለው ሰፊ መጥረጊያ እርጥብ አርማታ ላይ መሳብ። ሙያው ያለው ሰዓቱን ማወቁ ላይ ነው። አርማታው ተሞልቶ ቀጥ ባለ ጣውላ ከተስተካከለ በኋላ ጠጠሩና አሸዋው ወደ ታች ይቀመጣሉ፣ ውሃው ወደ ላይ ይወጣል። ወለሉ ለጊዜው ያብረቀርቃል። በዚህ ሰዓት ማንኪያ የሚያሳርፍ ሰው ያበላሸዋል። የወጣው ውሃ ከላይኛው ሲሚንቶ ጋር ተመልሶ ይደባለቅና ፊቱ ይደክማል፤ ኋላ ዱቄት እያወጣ ይጠረጋል፣ ወይም በስሱ ይላጣል። አንዳንዱ ሥራ ለማፍጠን ደረቅ ሲሚንቶ በትኖ ውሃውን ያስመጥጠዋል፤ ጉዳቱ ያው ነው። ሥራውን የሚያውቅ ይጠብቃል። ፀሐይና ነፋስ ካለ ውሃው ቶሎ ይሄዳል፤ ደመና ከሆነ ይቆያል። ብርቅርቅታው ሲጠፋና ወለሉ ሲፈዝ በእንጨት ማለስለሻ ይታሻል፤ መጥረጊያው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

መጥረጊያው ማዶ ካለው ጠርዝ ላይ ቀስ ብሎ ያርፍና ወደ ሠራተኛው ይሳባል። አንድ ስበት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ነው፤ መሃል ላይ ቆም ካለ የቆመበት ቦታ ወለሉ እስካለ ድረስ ይታያል። ከእያንዳንዱ ስበት በኋላ ጭራው ባልዲ ውስጥ ታጥቦ ይራገፋል፤ የተጣበቀ ሲሚንቶ ካለበት ቀጣዩን መስመር ይቦጭቀዋል። ቀጣዩ ስበት የፊተኛውን ዳር በጥቂቱ ይደርባል፣ በመሃላቸው ያልተነካ ቦታ እንዳይቀር። ከሰዓቱ በፊት ከተሳበ ጭረቱ ጠልቆ ይፈርሳል፣ አሸዋ ያነሳል። ከዘገየ ጭራው ላዩን ዳብሶ ያልፋል። በመጨረሻ የጠርዝ ማንኪያ ዙሪያውን ይዞራል፤ ያ ልሙጥ ክፈፍ የሚወጣው ያኔ ነው። ይኸው ማንኪያ የአርማታውን ጠርዝ ክብ አድርጎ ይተወዋል። ሹል ሆኖ የቀረ ጠርዝ በጎማና በአካፋ ይሸረፋል።

የጭረቱ አቅጣጫ ሊታሰብበት ይገባል። ጎማ የሚይዘው ጭረቱ የመኪናውን መንገድ ሲያቋርጥ ነው። ውሃ ደግሞ በጭረቱ ውስጥ መውረድ ይወዳል። ወለሉ ወደ ቤቱም ወደ በሩም ሳይሆን ወደ ጎን፣ ወደ ቦዩ ዘንበል ቢል ሁለቱ ይታረቃሉ፤ ያው ጭረት ጎማውን ይይዛል፣ ውሃውንም ይሸኛል። ለዚህ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ይበቃል። በዓይን አይያዝም፤ በውሃ ልክና በክር ነው የሚገኘው። መጥረጊያን ከሌሎቹ የማስበልጠው በዚህ ነው፦ ጌጡም ሥራውም በአንድ መስመር ላይ ናቸው።

ጠጠሩ የወጣ ወለል ትዕግሥቱ ሌላ ነው። አርማታው ከተስተካከለ በኋላ የላይኛው ሲሚንቶ ቶሎ እንዳይጠነክር የሚያዘገይ ፈሳሽ ይረጭበታል። ስኳር እንኳ ሲሚንቶን ያዘገያል፤ በጣም ጥቂቱ ይበቃል። ውስጡ ጠንክሮ ላዩ ገና ለስላሳ እያለ በብሩሽና በውሃ ይታጠባል፣ ጠጠሩም ብቅ ይላል። ልኩ ሲሶ ነው። ከጠጠሩ ቁመት ሲሶው ወጥቶ ሁለት እጁ ከተቀበረ ቦታውን አይለቅም። ከዚያ በላይ ከታጠበ መኪና ሲዞርበት ይነቀላል። ከድንጋይ ወፍጮ የሚመጣው ጥቁር ጠጠር ሹል ስለሆነ ባዶ እግር ይወጋል፤ ለዚህ ሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ የተመጣጠነና የታጠበ ክብ የወንዝ ጠጠር ይሻላል። ዛፍ ሥር ላለ መቀመጫ የማስበው ይህን ነው። ረከቦት የሚቀመጥበት ከሆነ ጠጠሩ ከዚያም ይድቀቅ፤ አለበለዚያ ረከቦቱ አይረጋም።

በቅርጽ ማውጫ ተረግጦ ድንጋይ ወይም ጡብ የሚመስልም አለ፤ ቀለም የገባበትም አለ። ቀለሙ ከአርማታው ጋር አብሮ የተቦካ ከሆነ ይቆያል። ላዩን የተቀባ ከሆነ የጎማው መንገድ ሳይቆይ ይለያል። እኔ አርማታ አርማታ ሲመስል ነው ደስ የሚለኝ።

ከፊቱ ሥር ያለው ካልተሠራ ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው። በቦሌና በአቃቂ በኩል የሚገኘው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። እሱ ተቆርጦ ወጥቶ ሰሌክት በሚባለው የተመረጠ አፈር ተሞልቶ ካልተጠቀጠቀ ወለሉ አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። በላዩ 25 ሳንቲ ሜትር የድንጋይ ንጣፍ፣ ከዚያ 10 ሳንቲ ሜትር አርማታ ለቤት መኪና ደህና ነው። ድብልቁ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር። ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ 25 ሊትር ገደማ ውሃ፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ይቀነሳል። አሸዋው ውስጥ ያለው ጭቃ ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ የአገራችን ደረጃ ያዛል። በጭቃማ አሸዋ የተሠራ ፊት ጥሩ ጭረት አይይዝም። አሸዋውን በመዳፍ አሽቶ መጣል ነው፤ እጅ ላይ የሚቀረው አፈር ብዙውን ይናገራል።

አርማታ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ስለዚህ መሰንጠቁ አይቀርም። ብልሃቱ የሚሰነጠቅበትን ቦታ መምረጥ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ወለል በየ2.5 እስከ 3 ሜትሩ መስመር ይቀደድለታል፣ ጥልቀቱም የውፍረቱ ሩብ፣ 2.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ስንጥቁ ከዚያ መስመር ሥር ገብቶ ይደበቃል። እዚህ ላይ ነው ክፍፍሉን አስቀድሞ በወረቀት የሠራ ሰው የሚለየው። መስመሮቹ ከበሩ ምሰሶ ይነሳሉ፣ ከደረጃው ጥግ ጋር ይገጥማሉ፣ እያንዳንዱ ክፍል ጎኖቹ እኩል ወደሆነ አራት ማዕዘን ይቀርባል። ሳይታሰብ የተከፈለ ወለል ግን ቤቱ ጥግ ሲደርስ ቀጭን ቁራጭ ይተርፈዋል፤ ቀድሞ የሚሰበረውም እሱ ነው።

የመጨረሻው ሥራ ውሃ ነው። አርማታ የሚጠነክረው ሲሚንቶው ከውሃ ጋር በሚያደርገው ውህደት ስለሆነ ቶሎ መድረቁ ይጎዳዋል። ከተጨረሰ በኋላ በእርጥብ ጆንያ ወይም በፕላስቲክ ተሸፍኖ ቢያንስ 7 ቀን ይጠጣ፤ ፒፒሲ የሚባለው፣ ፖዞላና የገባበት ሲሚንቶ ከሆነ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ከዚያም ይቆይ። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ሲነፍስ ሙሌቱን በማለዳ መጀመርና ሽፋኑን አለማዘግየት ያስፈልጋል። የአርማታ ጥንካሬ በ28 ቀኑ ነው የሚለካው፤ የጭነት መኪና እስከዚያ ይጠብቅ።

ውል ከመፈራረማችሁ በፊት ሠራተኛው በግቢያችሁ ጥግ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ናሙና እንዲሠራላችሁ ጠይቁ፤ በዚያው አሸዋ፣ በዚያው ሲሚንቶ፣ በዚያው መጥረጊያ። ሲጠነክር ውሃ አፍስሱበትና ቤት በምታደርጉት ጫማ ቁሙበት። ለናሙናው የሚወጣው ሲሚንቶ ትንሽ ነው፤ ደህና ሠራተኛም በጥያቄው አይከፋም። ውሉ ላይ የ7ቱን ቀን ውሃ ማጠጣት ማን እንደሚሠራው በስም ይጻፍ።