«የሪክተር ለውጥ»፦ ከማስረጃው የቀደመ ስም

ሥር በሰደደ ሊምፎሳይቲክ ሉኪሚያ በቆየ ሕመምተኛ ላይ ፈጥኖ የሚያድግ ሊምፎማ ሲከሠት፣ የሕክምና ጽሑፎች «የሪክተር ለውጥ» ይሉታል። ጉዳዩ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም በመሆኑ የሕመምተኞች ዘገባዎች በጉጉት ይነበባሉ። ይሁንና በርካታዎቹ አንድ የጋራ ጉድለት አለባቸው፤ ሊምፎማው ከሉኪሚያው ሕዋስ መወለዱን ሳያረጋግጡ «ተለወጠ» ብለው ይደመድማሉ።

ሞሪስ ሪክተር እ.ኤ.አ. በ1928 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ ርዕስ ላይ ሳርኮማው «ከሊምፋቲክ ሉኪሚያ ጋር የተያያዘ» መሆኑን ብቻ አስፍረዋል። ርዕሱ የሁለቱን አብሮ መገኘት እንጂ የአንዱን ከሌላው መወለድ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ግን «ሲንድሮም» ከማለት ይልቅ «ለውጥ» የሚለውን ስያሜ መርጧል።

ስያሜው መሠረት የለውም ማለት አይደለም። የኢሚዩኖግሎቡሊን ዘረመል ቅደም ተከተል ሲነጻጸር፣ በዋነኛው የሪክተር ዓይነት ከመቶ 80 በሚሆኑት ሕመምተኞች ሊምፎማው ከዚያው ከሉኪሚያው ክሎን የመነጨ ነው። በቀሩት ግን ራሱን የቻለ አዲስ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ከጣሊያን በወጣ ጥናት የመጀመሪያዎቹ መካከለኛ የሕይወት ዘመን ከአንድ ዓመት ብዙም ያልዘለለ ሲሆን፣ የሁለተኞቹ አምስት ዓመት ገደማ ነበር። ስለዚህ ያለ ማስረጃ «ለውጥ» ብሎ መጻፍ በሕመምተኛው ዕድሜ ላይ አስቀድሞ እንደ መፍረድ ይቆጠራል።

የክሎን ንጽጽር በአብዛኞቹ ሆስፒታሎቻችን እንደማይሠራ ይታወቃል። ይህ የሚያስወቅስ አይደለም፤ የሚያስወቅሰው ምርመራው አለመሠራቱን ሳይገልጹ ማለፍ ነው። «የሁለቱ ዝምድና አልተመረመረም» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ዘገባውን ታማኝ ታደርገዋለች።

ከስያሜው ይልቅ አሳሳቢው ግን ምርመራው ራሱ ነው። የሉኪሚያ ሕመምተኛ ዕጢ በድንገት ሲያብጥ፣ ትኩሳትና የክብደት መቀነስ ሲከተሉ፣ የዕጢ ቲቢ በሚበዛበት አገራችን አሳቡ በቅድሚያ ወደ ቲቢ ማዘንበሉ አያስገርምም። በቀጭን መርፌ የሚወሰድ ናሙናም የሉኪሚያውን ሕዋሳት ብቻ አሳይቶ ሊምፎማውን ሊስት ይችላል። የኤል ዲ ኤች መጨመር ጥርጣሬን ያጠናክራል እንጂ ምርመራውን አይተካም። በፍጥነት ያደገውን ዕጢ በቀዶ ሕክምና አውጥቶ ለፓቶሎጂስት መላክ ያስፈልጋል፤ የናሙናው ከፊል ለቲቢ ምርመራም ይዋል፣ ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉና።

እንግዲህ ወደፊት እንዲህ ያለ ዘገባ የሚያቀርቡ ባልደረቦች ናሙናው ከየት እና እንዴት እንደተወሰደ፣ ቲቢ በምን እንደተመረመረ፣ ክሎኑ መነጻጸር አለመነጻጸሩን በግልጽ ያስፍሩ። አዘጋጆችም እነዚህ ያልተሟሉበትን ጽሑፍ ለማሻሻያ ቢመልሱ ተገቢ ነው።