ከፎቶግራፍ ወደ ሠንጠረዥ፦ በጅጅጋና በሲቲ ዞን ከተሞች የትምህርት መዛግብት አለዋወጥ ላይ የቀረበ ሂስ

የክፍል ሮስተር ወይም የተማሪ መመዝገቢያ ቅጽ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ጽሑፉ በኮምፒዩተር ከተነበበ በኋላ ወደ ኤክሴል ሠንጠረዥ የሚለወጥበት ዘዴ ድካምን የሚያቃልል መሆኑ አይካድም። ከደወሌ ወይም ከአይሻ በድሬዳዋና በሐረር ዞሮ ጅጅጋ የሚደርስ ወረቀት፣ ምስሉ በእጅ ስልክ ሲላክ በደቂቃ ውስጥ ይደርሳል። ሆኖም ዘዴው ሊመዘን የሚገባው በፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን ከገጹ ላይ ምን አንሥቶ ምን እንደሚጥል በመመርመር ጭምር ነው።

ዘወትር የሚሰማው ነቀፌታ ኮምፒዩተር የአማርኛን ፊደል አጥርቶ አያነብም የሚል ነው። ይህ አስተያየት ከፊሉ ጊዜው አልፎበታል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዩኒኮድ ውጭ በሆኑት የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ቅርጾች የተጻፉት ሰነዶች ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲገለበጡ ትርጉም የለሽ ምልክት ስለሚሆኑ፣ ገጹን እንደ ሥዕል ማስነበቡ የተሻለ መፍትሔ ሆኖ ተገኝቷል። ኤዲኦሲአር የተሰኘው የምርምር ክምችት 337,337 የአማርኛ መስመር ምስሎችን ይዟል። ዳሩ ግን ምስሎቹ የታተሙ ወይም በኮምፒዩተር የተሠሩ ናቸው። የመምህር እጅ ጽሑፍ፣ ያውም በደብዛዛ እስክሪፕቶ የተሞላ ቅጽ፣ ሌላ ጉዳይ ነው።

በጅጅጋ ችግሩ በፊደል መልክ አያበቃም። የሶማልኛ ቋንቋ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ በዚህም ሥርዓት «ሲ» የሚባለው ፊደል የ«ዐ»ን፣ «ኤክስ» የሚባለው ደግሞ የ«ሐ»ን ድምፅ ይወክላል። ይህን የማያውቅ ጸሓፊ ወይም ፕሮግራም «ዓሊ»ን «ካሊ» ብሎ ያነባል። ስሙ በአንዱ ቅጽ በሶማልኛ፣ በሌላው በእንግሊዝኛ፣ በሦስተኛው በአማርኛ ሲጻፍ አንድ ልጅ ሦስት ተማሪ ይሆናል። የተማሪ መለያ ቁጥር ከሌለ ይህን ማረም የሚችለው ልጁን የሚያውቀው መምህር ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የባዶ ሣጥን ነገር ነው። በአርብቶ አደር አካባቢ ባዶ ሣጥን ብዙ ይናገራል። ትምህርት ቤቱ ሪፖርት አላደረገ ይሆናል፤ ቤተ ሰቡ በድርቅ ምክንያት ከብቱን ይዞ ርቆ ሄዶ ይሆናል፤ ወይም በእርግጥ አንዲት ልጃገረድ እንኳ አልተመዘገበች ይሆናል። ጠንቃቃ ርእሰ መምህር ለመጨረሻው «0»፣ ለሌሎቹ ሰረዝ ያደርጋል፤ አንዳንዴም ምክንያቱን በጠርዙ ላይ ይጽፋል። ለዋጩ ሦስቱንም ዜሮ ካደረጋቸው የጠርዙ ማስታወሻ ከነጭራሹ ይጠፋል። እዚህ ላይ ባለሙያዎች የሚመኩበት የድምር ማመሳከሪያ አንዳች አይረዳም፤ ባዶው ዜሮ ቢሆን ድምሩ አይለወጥምና። ሠንጠረዡ በስሌት ትክክል ሆኖ በፍሬ ነገሩ ሐሰት ይሆናል። በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ድጎማ በተማሪ ቁጥር ይሰላ እንደነበረ ለሚያስታውስ፣ የዚህ ዜሮ ዋጋ ግልጽ ነው።

የግርጌ ማስታወሻም እንዲሁ ይወድቃል። የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአብዛኛው አገር በግንቦት 1999 ዓ.ም. ሲካሄድ፣ በሶማሌና በአፋር ክልሎች የተካሄደው በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነው። ሠንጠረዡ «1999» በሚል አንድ ዓምድ ሥር ሲገባ ልዩነቱ ይሰወራል፤ የተማሪን ቁጥር ለሕዝብ ቁጥር የሚያካፍል ዕቅድ አውጪም ሳያውቅ በሁለት መነሻዎች ያሰላል። ሽንሌ ይባል የነበረው ዞን ሲቲ፣ የጅጅጋ ዞንም ፋፈን በመባላቸው የቀድሞና የአሁን ሠንጠረዦችን ያለ ማብራሪያ የሚያገጣጥም ሰው አንዱ ዞን ጠፍቶ ሌላው አዲስ እንደ ተፈጠረ ያህል ይመለከታል።

እንግዲህ ዘዴውን መተው አያሻም፤ የአሠራሩን ቅደም ተከተል ማስተካከል ግን ግድ ነው። ባዶ፣ ሰረዝና ዜሮ በሦስት የተለያዩ ምልክቶች ይግቡ። የስም ዓምድ በመዝገቡ እንደ ተጻፈው ይቀመጥ፤ የተስተካከለው አጻጻፍ በሌላ ዓምድ ይሁን። የተለወጠው ሠንጠረዥ ወደ ቢሮ ከመተላለፉ በፊት ቅጹን ወደ ሞላው ትምህርት ቤት ተመልሶ ይነበብ። የእያንዳንዱ ገጽ ፎቶግራፍ ቁጥርም ከረድፉ ጎን ይመዝገብ፤ ከዓመታት በኋላ በኤረር ወይም በሽንሌ አንድ ቁጥር አጠራጣሪ ሆኖ ሲገኝ መርማሪው የሚመለስበት ገጽ እንዲኖረው። ይህም የሚጠይቀው አንድ ተጨማሪ ዓምድ ብቻ ነው።