ትምህርቶቹ ሲቀናጁ ቃሎቻቸውስ? ስለ «አጠቃላይ ሳይንስ» የቀረበ ሒስ

በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ በተዘጋጀው ሥርዐተ ትምህርት፣ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ እየራሳቸው መጽሐፍና እየራሳቸው ክፍለ ጊዜ ነበራቸው። በ2015 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው ሥርዐተ ትምህርት ግን «መካከለኛ ደረጃ» የተባሉት እነዚሁ ሁለት ክፍሎች ሦስቱን ትምህርቶች «አጠቃላይ ሳይንስ» በሚል አንድ ስም ሥር ይማራሉ። የለውጡን ትምህርታዊ ጥቅም መመዘን የሥነ ትምህርት ሊቃውንት ድርሻ ነው። እኛ በበኩላችን የምንመረምረው ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅና ለተርጓሚ የተረፈውን ዕዳ ነው፤ ይኸውም ትምህርቶቹ ሲሰባሰቡ ቃሎቻቸው አብረው ተሰባስበዋልን? የሚለውን ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ስያሜውን እንመልከት። ለዚህ ዓይነቱ አሠራር አማርኛ ቢያንስ ሦስት ቃላት አሉት። «ተዋሐደ» ከግእዙ «ዋሕድ» ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ሁለት የነበረው ነገር አንድ መሆኑን ይናገራል። «ተቀናጀ» አንዳንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምደው በየተራ የሚያርሱበትን ውል ያስታውሳል። በሬዎቹ ማታ ወደየባለቤታቸው በረት ይመለሳሉ፤ ትልሙ ግን አንድ ነው። «አጠቃላይ» ደግሞ ከ«ጠቀለለ» የወጣ ነው። የተጠቀለለ ነገር በአንድ ላይ መያዙ እንጂ በውስጡ ያለው እርስ በርሱ መተሳሰሩ በስሙ አይገለጥም። እንግዲህ ከሦስቱ ለመጽሐፉ የተመረጠው ስለ ትስስር ምንም የማይናገረው ቃል ነው። በእኛ አስተያየት ለሥራው የሚስማማው «የተቀናጀ» የሚለው ነበር።

ይህ ቃል ለአርሲ ሰው እንግዳ አይደለም። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በስዊድን ርዳታ፣ አሰላን ማዕከል አድርጎ የተካሄደው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ፣ በአጭሩ ካዱ፣ ምርጥ ዘርን፣ ማዳበሪያን፣ ብድርን፣ መንገድንና ውሃን አጣምሮ ለማራመድ የተነሣ ነበር። እያንዳንዱ ሙያ ሙያነቱን ሳይለቅ በአንድ ትልም እንዲሄድ መታሰቡ የ«ቅንጅት»ን ትርጉም ከማናቸውም ፍቺ ይልቅ ያስረዳል።

አሁን ወደ ቃላቱ እንለፍ። የአርሲን ደጋ መምህር ለቅንጅት ትምህርት ምሳሌ ቢጠይቁት ከገብስ የተሻለ አያገኝም። በአሰላ የብቅል ፋብሪካ አለ፤ በየቤቱም ለጠላ የሚሆን ብቅል ይዘጋጃል። ገብሱ ተነክሮ ሲያጎነቁል ባዮሎጂ ነው፤ ሲደርቅ ስለ ሙቀት የሚያስተምር ፊዚክስ ነው፤ ስታርቹ ወደ ስኳር ሲለወጥ ኬሚስትሪ ነው። ቃሉም ራሱ መምህር ነው፤ «ብቅል» ከ«በቀለ» እንደ ወጣ ማንም ተማሪ ያስተውለዋል። በአርሲ የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት በአብዛኛው በሚሰጥበት በአፋን ኦሮሞም ብቅል «ቢቂላ»፣ መብቀልም «ቢቂሉ» ስለሚባል፣ ምሳሌው ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር አይጎዳም።

ችግሩ የሚመጣው ከብቅሉ በኋላ ነው። አማርኛ ውሃም «ፈላ» ይላል፤ ጠላም «ፈላ» ይላል። የመጀመሪያው ፈሳሽ በሙቀት ወደ እንፋሎት የሚለወጥበት ነው፤ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአሰላ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች፣ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ሁለተኛው እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለውጥበት፣ በለብታ የሚከናወን ሥራ ነው። ጠላው በመጀመሪያው ትርጉም ቢፈላ እርሾው ይሞታልና በሁለተኛው ትርጉም ሊፈላ አይችልም። አንዱ ቃል ሌላውን የሚያፈርስ ሁለት ነገር ተሸክሟል ማለት ነው።

ይህን የሚቃወም አንባቢ፣ ብዙ ፍቺ ያለው ቃል በየቋንቋው ሞልቷል፤ ዐውዱ ይለየዋል ይለን ይሆናል። ክርክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ዐውዱ ምን እንደ ነበረ መጠየቅ ያሻል። ትምህርቶቹ በሦስት መጻሕፍት ሳሉ ቃሉን የሚለየው ደወሉ ነበር። ደወል ሲደወል መምህሩ ይለወጣል፤ ከመምህሩም ጋር የ«ፈላ» ፍቺ ይለወጣል። ሦስቱ በአንድ መጽሐፍ፣ በአንድ ምዕራፍ፣ አንዳንዴም በአንድ ገጽ ሲገናኙ ግን አጥሩ ፈረሰ። ስለዚህ ቅንጅት የቃላትን አሻሚነት አልፈጠረም፤ ተሸሽጎ የኖረውን አወጣው እንጂ።

«ፈላ» ብቻውን አይደለም። «የስበት ኃይል»፣ «የኤሌክትሪክ ኃይል»፣ «ኃይል ሰጪ ምግብ» ስንል በፊዚክስ ተለያይተው የሚለኩ ሦስት ነገሮችን በአንድ ቃል እንጠራለን። «የመሬት ስበት»፣ «የመሬት ይዞታ»፣ «የመሬት መሸርሸር» ስንልም «መሬት» በመጀመሪያው ፕላኔቷ፣ በሁለተኛው ርስቱ፣ በሦስተኛው አፈሩ ነው። ሳይንስና የኅብረተሰብ ትምህርት በአንድ ርእስ ሲጣመሩ ይህም ይጋጫል።

ይህ ግጭት ለምን ቀድሞ አልታየም? መልሱን የምናገኘው በራሳችን ሙያ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1989 ዓ.ም. ያሳተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ታላቅ ድካም የፈሰሰበት ሥራ ነው፤ ጉዞው ግን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ነው። ከባዕድ ቋንቋ የሚነሣ መዝገብ ውሃ ስለሚፈላበትና ጠላ ስለሚፈላበት የሚናገሩትን ሁለት ቃላት በሁለት ፊደል ሥር፣ በብዙ ገጾች አራርቆ ያስቀምጣቸዋል። ለእያንዳንዱ የተሰጠው አማርኛ ለብቻው ሲታይ ነቀፋ አይገኝበትም። ሁለቱ በአንድ አማርኛ ቃል ላይ መገናኘታቸው የሚታየው ከአማርኛው ወገን ለሚነሣ ብቻ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ለመካከለኛ ደረጃ ከአማርኛ የሚነሣ የጋራ ቃላት ዝርዝር ይዘጋጅ፤ በእያንዳንዱ ቃል ሥር በየትኛው ትምህርት ምን ማለት እንደ ሆነ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ፍቺዎቹ በአንድ ምዕራፍ የሚጋጩ ከሆነ አንደኛው ሌላ ስም ይሰጠው። ለምሳሌ «መፍላት» ለውሃው ቀርቶ፣ የጠላውና የሊጡ ሥራ በአንድነት «መቡካት» ቢባል፣ ቃሉ ከየቤቱ ቡሖ ዕቃ የተገኘ ነውና ለተማሪው እንግዳ አይሆንም። ሦስተኛ፣ የዕለት ተዕለቱ አነጋገር አይነቀፍ፤ ጠላ በቤት «ይፈላል»፣ በመጽሐፍ «ይቦካል»፣ መምህሩም ሁለቱን ያገናኛል።

በሬዎች ሲቀናጁ ቀንበሩ የሁለቱንም ጫንቃ ካልለካ ትልሙ ይጣመማል። የትምህርቶቹ ቀንበር ቃል ነው፤ መለካቱም የእኛ ሥራ ነው።